ከቁጥር ባሻገር የተጠቃሚው ቃል፡- የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በዓይነታዊ ግምገማ ሲመዘን

በአንድ ቀበሌ 50 ቤተሰቦች ከልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጠቃሚነት ዝርዝር ወጡ እንበል። በወረዳው ሪፖርት ላይ የሚሰፍረው አንድ መስመር ነው፤ 50 ቤተሰቦች ራሳቸውን ችለው ተመርቀዋል የሚል። ከ50ዎቹ መካከል በልፋታቸው ጥሪት አፍርተው፣ ልጆቻቸውን ዓመቱን ሙሉ መመገብ ችለው የወጡ ይኖራሉ። በዚያው መስመር ውስጥ ግን አንዲት ጊደር ስለተገኘችባቸው ብቻ የተሰረዙ፣ ኮታ ለመሙላት ስማቸው የተጻፈ፣ ዝርዝሩ በተጣራበት ስብሰባ ታመው ያልተገኙ ቤተሰቦችም ሊኖሩ ይችላሉ። ቁጥሩ ለሁሉም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ቤታቸው ድረስ ሄዶ በአግባቡ የሚጠይቅና የሚያዳምጥ ሲገኝ ነው።

ይህ ሥራ በጥናት ቋንቋ ዓይነታዊ ግምገማ ይባላል። ዓይነታዊ ግምገማ በሕዝብ ገንዘብ የሚካሄድ የማኅበራዊ አገልግሎት ፕሮግራም ለስንት ሰው ደረሰ ከሚለው ጥያቄ አልፎ እንዴት ደረሰ፣ ለምን ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው አልሠራም፣ በተጠቃሚው ሕይወት ውስጥ ምን ለወጠ የሚሉትን ጥያቄዎች በቃለ መጠይቅ፣ በቡድን ውይይትና በምልከታ የሚመረምር ዘዴ ነው። በአገራችን ይህን ዘዴ ለመረዳት ከልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በስፋቱም ሆነ በተደጋጋሚ በመገመገሙ በአፍሪካ ከሚጠቀሱት ግንባር ቀደም ፕሮግራሞች አንዱ ነውና።

ፕሮግራሙ በአጭሩ

በ1995 ዓ.ም በተከሰተው ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኑ። ችግሩ አንድ እውነት ይበልጥ ግልጽ አደረገ። ከተረጂዎቹ መካከል ብዙዎቹ ዝናብ በቀረበት ዓመት ብቻ ሳይሆን በደህናውም ዓመት የዓመት ቀለባቸውን መሸፈን የማይችሉ ነበሩ። ለእነዚህ ቤተሰቦች በየዓመቱ አስቸኳይ እርዳታ መለመን መፍትሔ አልሆነም። እርዳታው ዘግይቶ ሲደርስ በሬው ተሸጧል፤ ላሟም ለገበያ ወጥታለች።

መንግሥትና የልማት አጋሮች በ1997 ዓ.ም የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምን የጀመሩት ይህን አዙሪት ለመስበር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ያቀፈው ፕሮግራም ብዙም ሳይቆይ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎችን ይዟል። መሥራት የሚችሉ የቤተሰብ አባላት ያሏቸው ተጠቃሚዎች በእርከን፣ በክትር፣ በተፋሰስ ልማት፣ በገጠር መንገድና በመሳሰሉት የማኅበረሰብ ሥራዎች ይሳተፋሉ። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሌሎች የጉልበት አቅም የሌላቸው ደግሞ ያለ ሥራ ግዴታ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያው በአብዛኛው በዓመት ለ6 ወራት ሲሆን፣ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀናት ይታሰቡ ነበር። ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ ግራም እህል ወይም የዚያ ግምት የሆነ ጥሬ ገንዘብ ይከፈል ነበር፤ ይህም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ማለት ነበር።

ሁለት መለኪያዎች

ፕሮግራሙ የተገመገመው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው መጠናዊ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ከማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ጋር በመሆን እ.ኤ.አ ከ2006 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን እየተመላለሰ ጠይቋል። ከእነዚህ መረጃዎች የተገኘና እ.ኤ.አ በ2014 የታተመ ጥናት፣ ለ5 ዓመታት ክፍያ ያገኙ ቤተሰቦች ለአንድ ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር ሲነጻጸሩ የምግብ እጥረት የሚገጥማቸው ጊዜ በ1.29 ወር ማጠሩን አሳይቷል። ሐምሌና ነሐሴን በባዶ ጎተራ ለሚያሳልፍ ቤተሰብ ከአንድ ወር በላይ የጠገበ ጊዜ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህ አኃዝ ፕሮግራሙ መሥራቱን ይመሰክራል። በአንድ ቀበሌ ሠርቶ በአጎራባቹ ለምን እንዳልሠራ፣ ክፍያው ሲዘገይ ቤተሰቡ ምን እንዳደረገ፣ ተጠቃሚው ለምን ቅሬታውን እንዳላቀረበ ግን አይናገርም። ለዚህ ሁለተኛው መንገድ ያስፈልጋል። ስለሆነም ከቤተሰብ ጥናቶቹ ጎን ለጎን ከተጠቃሚዎች፣ ከዝርዝሩ ውጭ ከሆኑ ነዋሪዎች፣ ከቀበሌና ከወረዳ ኃላፊዎች እንዲሁም ከግብርና ባለሙያዎች ጋር ቃለ መጠይቆችና የቡድን ውይይቶች ተካሂደዋል። የሚከተሉት አራት ጉዳዮች ይህ ሁለተኛው መንገድ ምን እንደሚያሳይ ያመለክታሉ።

ብር ወይስ እህል?

ፕሮግራሙ ሲጀመር ለአንድ የሥራ ቀን የሚከፈለው ጥሬ ገንዘብ 6 ብር ነበር። በወር ለአንድ ሰው 30 ብር ይሆናል። ሐሳቡ ብር ገበያውን ያነቃቃል፣ ተጠቃሚውም እንደ ፍላጎቱ ያውለዋል የሚል ነበር። በ2000 ዓ.ም የእህል ዋጋ በእጅጉ ሲያሻቅብ የቀን ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ተደረገ፤ ጭማሪው ግን ከገበያው ጋር ሊራመድ አልቻለም።

በሪፖርት ዓይን ሲታይ ክፍያው በተመደበው ልክ ተፈጽሟል፤ ጉድለት የለም። ተጠቃሚዎች ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ከብር ይልቅ እህል መምረጥ ጀምረው ነበር። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። 15 ኪሎ ግራም እህል ገበያው ቢወጣም ቢወርድም 15 ኪሎ ግራም ነው፤ 30 ወይም 40 ብር ግን በየሳምንቱ ገበያ ሌላ ነገር ይሆናል። ከገበያ ርቆ የሚኖር ቤተሰብ ደግሞ የመጓጓዣውንና የጊዜውን ኪሳራ ይጨምርበታል። በአንጻሩ ገበያ በቀረበበትና እህል በረከሰበት ወቅት ብርን የሚመርጡ ነበሩ። ጥናቶቹ ያስጨበጡት ትምህርት የክፍያው ዓይነት በወቅቱ፣ በቦታውና በዋጋው መታየት እንዳለበት ነው።

ሙሉ ቤተሰብ ወይስ ከፊል?

ሁለተኛው ጉዳይ የተጠቃሚ ልየታ ነው። በመመሪያው መሠረት የአንድ ተጠቃሚ ቤተሰብ አባላት በሙሉ መመዝገብ አለባቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን በብዙ ቦታ 6 አባላት ያሉት ቤተሰብ 3 ወይም 2 ተደርጎ ይመዘገብ ነበር። በቁጥር ደረጃ ይህ አሠራር ፕሮግራሙን ያሳምረዋል፤ የተደረሱት ቤተሰቦች ብዛት ይጨምራልና። በቤቱ ውስጥ ግን ለ3 ሰው የመጣው እህል ለ6 ይከፈላል፤ ለወር የታሰበውም በሁለት ሳምንት ያልቃል።

ይህ ለምን ሆነ? ጥፋቱን በቀበሌ ኃላፊዎች ላይ ብቻ መጣል ቀላል ነው። በየቦታው የተካሄዱ ውይይቶች ያሳዩት ከዚህ የሰፋ ሥዕል ነው። የተመደበው ኮታ ከችግረኛው ብዛት ያንሳል። በአንድ ጎጥ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች የኑሮ ልዩነታቸው ጠባብ በመሆኑ አንዱን አስገብቶ ሌላውን ማስወጣት ጎረቤትን ከጎረቤት ያቃቅራል። በሠርግም በሐዘንም ለሚረዳዳ ማኅበረሰብ ያለውን ተካፍሎ መብላት ፍትሕ ነው፤ ለፕሮግራሙ ዓላማ ግን ክፍያውን አሳስቶ ከጥሪት ግንባታ ወደ ዕለት ጉርሻ ይቀይረዋል። ይህን ውጥረት መረዳት መፍትሔውንም ለመቅረጽ ይጠቅማል። ትእዛዝ ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ኮታው ከችግረኛው ቁጥር ጋር እንዲቀራረብ ማድረግና የልየታ መስፈርቱ በሕዝብ ፊት እንዲብራራ ማድረግም ያስፈልጋል።

ምረቃ ምን ማለት ነው?

በፕሮግራሙ ቋንቋ አንድ ቤተሰብ ተመረቀ የሚባለው ያለ ሴፍቲኔት ክፍያ የ12 ወር ቀለቡን መሸፈን ሲችልና መጠነኛ አደጋን መቋቋም ሲችል ነው። ትርጉሙ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል በእንስሳት ቁጥር፣ በመሬት ስፋትና በጥሪት ግምት በከፊል ሊለካ ይችላል። ሁለተኛውን ግን አደጋው ሳይመጣ በቆጠራ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም።

ሁለት በጎች ያሉት ቤተሰብ ከመስፈርቱ በላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በጎቹ በብድር የተገዙ ከሆኑ ግን ጥሪት ብቻ ሳይሆኑ ዕዳም ናቸው። የብድሩ ጊዜ ሲደርስ ተሸጠው ቤተሰቡ ካለበት ይቀራል። ከምዝገባ ቅጹ ላይ የበጎቹ ቁጥር ይነበባል፤ ዕዳው ግን ካልተጠየቀ አይታወቅም። ያለጊዜው መመረቅ በተለያዩ ግምገማዎች በተደጋጋሚ የተነሳውም በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ የሚወርድ የምረቃ ዕቅድ የቀበሌውን ኮሚቴ ቤተሰቡ ዝግጁ ነው ወይ ከሚለው ጥያቄ ወደ ስንት ቀረን ወደሚለው ይወስደዋል። በሌላ በኩል ተጠቃሚው የሚመጣውን መሰረዝ ፈርቶ ያፈራውን ከብት በዘመድ ስም ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም። ዝርዝሩ የጥንቃቄው ዋስትና ሆኖለታልና።

የሴቶች የሥራ ጫና

በማኅበረሰብ ሥራ ከሚሳተፉት መካከል ሴቶች በርካታ ናቸው። የሥራ ቀን መዝገቡ አንዲት እናት 5 ቀን መሥራቷን ያሳያል። ከሥራው በፊት ውኃ መቅዳቷን፣ ከሥራው በኋላ እንጨት ለቅማ፣ ወፍጮ ቤት ደርሳ እራት ማዘጋጀቷን አያሳይም። የፕሮግራሙ ማስፈጸሚያ መመሪያ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ለተወሰነ ጊዜ ከጉልበት ሥራ ወጥተው ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንዲዘዋወሩ ይደነግጋል። ድንጋጌው መኖሩን ለማወቅ መመሪያውን ማንበብ ይበቃል። ተግባራዊ መሆኑን ለማወቅ ግን እናቲቱ መብቷን ታውቅ እንደነበር፣ ለማን እንደተናገረች፣ ከጤና ባለሙያ ማስረጃ ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደተጓዘች መጠየቅ ግድ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ባሏና የቀበሌው ሊቀ መንበር በተቀመጡበት ጠይቆ እውነተኛ መልስ መጠበቅ ደግሞ የዋህነት ነው።

አሠራሩ እንዴት ነው?

በደንብ የታቀደ ዓይነታዊ ግምገማ ከቦታ መረጣ ይጀምራል። ከመንገድ ዳር ያለና በጉብኝት የታወቀ ቀበሌ ብቻ ከተመረጠ ውጤቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ደጋና ቆላ፣ ለገበያ ቅርብና ሩቅ፣ ጥሩ የሠራና የደከመ ቀበሌ አብረው ይመረጣሉ። ቀጥሎ ማን ይናገር የሚለው ይወሰናል። ተጠቃሚዎች ብቻ ሳይሆኑ ያልተመረጡና የተሰረዙ ቤተሰቦችም መካተት አለባቸው። የቡድን ውይይቱ በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሰዎችን ይይዛል፤ ሴቶችና ወንዶች፣ ወጣቶችና አረጋውያን ለየብቻ ቢቀመጡ ንግግሩ ይፈታል።

ቀኑም ይታሰብበታል። ገበሬውን በእርሻና በአጨዳ ወቅት ከማሳው መጥራት ሥራ ማስፈታት ነው። የክፍያ ዕለት የሚደረግ ውይይት ደግሞ መልሱን ያዛባል፤ የሚናገረው ሰው ዓይኑ ከፋዩ ላይ ነው። በደጋው አካባቢ ሞፈር በማይያዝባቸው የበዓላት ቀናት፣ ሰዎች በራሳቸው ምርጫ በሚቀመጡበት ዛፍ ጥላ ሥር የሚደረግ ውይይት የተሻለ ይሆናል።

ሰዎችን በራሳቸው መመዘኛ እንዲመዝኑ የሚያደርጉ ዘዴዎችም አሉ። ነዋሪዎች የአካባቢያቸውን ካርታ መሬት ላይ ይሥላሉ፣ የችግርና የጥጋብ ወራትን በጠጠር ያመለክታሉ፣ ሀብታም፣ መካከለኛና ድሃ የሚባለው በአካባቢያቸው ማን እንደሆነ ራሳቸው ይተረጉማሉ። አሳታፊ የገጠር ዳሰሳ በመባል የሚታወቀው ይህ አካሄድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር መቀመጫውን ለንደን ካደረገው ዓለም አቀፍ የአካባቢና ልማት ተቋም ጋር እ.ኤ.አ በ1988 በወሎ ያካሄደው ሥራ ዘዴው በዓለም ሲስፋፋ ከነበሩት ቀደምት ተሞክሮዎች መካከል ይጠቀሳል።

ረጅም ጊዜ የሚከታተል ጥናትም ሌላው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ በ1994 እና በ1995 በ15 የገጠር ማኅበረሰቦች የተጀመረው፣ በኋላም ወደ 20 ከፍ ያለው የማኅበረሰብ ጥናት የጎጃሟን የትመንንና የላስታዋን ሹምሸሃን ጨምሮ በተመሳሳይ ቦታዎች እየተመላለሰ ለውጡን መዝግቧል። ዶክተር አሉላ ፓንክረስትን ጨምሮ ተመራማሪዎቹ ሴፍቲኔትን ለብቻው ነጥለው አልተመለከቱትም። ከመሬት፣ ከብድር፣ ከስደትና ከትምህርት ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ሲገናኝ አይተውታል። የገበሬው ኑሮ በመሥሪያ ቤት አይከፋፈልምና።

ዝምታን መስማት

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ተረቱ የጥንቃቄ ምክር ነው፤ ለገምጋሚው ግን ትልቁ ፈተና ነው። የሴፍቲኔት ተጠቃሚው ስሙን የሚጽፈውም የሚሰርዘውም ጎረቤቱ ወይም የቀበሌው ሹም መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ በስብሰባ ላይ ፕሮግራሙ እንዴት ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ምስጋና ነው። ምስጋናው ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም።

ልምድ ያለው ገምጋሚ ጥያቄውን ከአስተያየት ወደ ድርጊት ይመልሰዋል። ክፍያው ጥሩ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። የመጨረሻው ክፍያ መቼ ደረሰ፣ እስከዚያ ምን በላችሁ፣ ከማን ተበደራችሁ፣ እንዴት ከፈላችሁ ብሎ ይጠይቃል። የተናጋሪውን ስም ከማስታወሻው ይለያል። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ የሚል መልስ ሲያገኝ የኮሚቴውን መዝገብ ያያል። በዓመት አንድም ቅሬታ ያልተመዘገበበት ቀበሌ ቅሬታ የሌለበት ላይሆን ይችላል፤ ቅሬታ የማይቀርብበትም ሊሆን ይችላል።

እስከ ምን ድረስ ይታመናል?

ዓይነታዊ ግምገማ የራሱ ገደብ አለው። በ4 ቀበሌዎች የተሰማ ነገር የክልሉን ሁሉ ሁኔታ በመቶኛ አይናገርም። ገምጋሚው የሚፈልገውን ብቻ ሊሰማ፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ተናጋሪ ዝምተኛውን ሊጋርድ ይችላል። ስለሆነም ማመሳከር የሥራው ምሰሶ ነው። የተጠቃሚው ቃል ከክፍያ ዝርዝሩ፣ የባለሙያው ቃል ከእርከኑ፣ የሴቶች ቡድን ከወንዶች ቡድን ጋር ይመሳከራል።

ስንት ሰው ይበቃል ለሚለውም መመሪያ አለ። አዲስ ቃለ መጠይቅ አዲስ ሐሳብ ማምጣት ሲያቆም መረጃው ሞልቷል ይባላል። በጋናና በናይጄሪያ በተካሄዱ 60 ቃለ መጠይቆች ላይ የተመሠረተና እ.ኤ.አ በ2006 የታተመ ታዋቂ ጥናት፣ ተቀራራቢ ሁኔታ ባላቸው ሰዎች ዘንድ በመጀመሪያዎቹ 12 ቃለ መጠይቆች ዋና ዋና ሐሳቦች መውጣታቸውን አሳይቷል። ተጠቃሚዎች፣ የተሰረዙና ያልተመረጡ ሰዎች ግን ተቀራራቢ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ወገን ለብቻው በበቂ መደመጥ አለበት። ምን ያህል ለሚለው ቆጠራው፣ ለምን ለሚለው ውይይቱ ይመልሳል። በመሆኑም ሁለቱን ያጣመረ ቅይጥ ግምገማ ተመራጭ ሆኗል።

ቃሉ ወደ ባለቤቱ ሲመለስ

ብዙ ግምገማዎች የሚጎድላቸው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ገበሬው ግማሽ ቀኑን ሰውቶ የተናገረው በአዲስ አበባ በወፍራም ሰነድ ታትሞ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይቀራል። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ቡድን መጥቶ ያንኑ ይጠይቀዋል። ሰው ሲሰለች መልሱም ያጥራል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ የማኅበረሰብ የነጥብ ካርድ ነው። እ.ኤ.አ በ2002 ኬር በማላዊ የቀመረው ይህ ዘዴ በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም አማካኝነት በርካታ ወረዳዎች ደርሷል። ተገልጋዮች ለአገልግሎቱ ነጥብ ይሰጣሉ፣ አገልግሎት ሰጪዎች ለራሳቸው ይሰጣሉ፤ ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኝተው ልዩነታቸውን ይነጋገራሉ፣ ማን ምን በመቼ እንደሚያስተካክልም ይፈራረማሉ። የዚህ ጥቅሙ ግምገማው እዚያው ቀበሌ ውስጥ መጠናቀቁ ነው።

መነሻ ወደሆነው የ50 ቤተሰቦች መስመር ስንመለስ፣ መስመሩን እውነተኛ ለማድረግ የሚያስፈልገው ውድ ጥናት ብቻ አይደለም። የተሰረዙ ቤተሰቦች ስም ከነምክንያቱ በይፋ መነበቡ፣ ቅሬታ ለማቅረብ በቂ ጊዜ መሰጠቱ፣ ከቀጣዩ ክረምት በኋላ የተወሰኑት ቤት ተኪዶ ጎተራው፣ ዕዳውና የልጆቹ ትምህርት ቤት መዋል መታየቱ የቀበሌው አቅም ሊሠራው የሚችል ግምገማ ነው። በዚያን ጊዜ ከ50ዎቹ ስንቱ በእርግጥ ራሱን እንደቻለ፣ ስንቱ ደግሞ ወደ ዝርዝሩ መመለስ እንዳለበት ይታወቃል። ለሁለተኛው ወገን በጊዜ መታወቁ ላሟ ከመሸጧ በፊት መታወቁ ነው።